ደባል፣ ቁልፍና ማሲንቆ፦ ባሕር ዳር ላይ ቤት ተጋርቶ እየኖሩ ዘፈንና ቴአትር መሥራት

ባሕር ዳር የገባሁ ሰሞን አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ አራት ሆነን ነበር የምንኖረው። አንዱ ማሲንቆ ይመታል። ሌላው ተወዛዋዥ ነው። ሦስተኛው ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። እኔ ቀን ቴአትር እለማመዳለሁ፣ ማታ ባህል ቤት እዘፍናለሁ። ኪራዩ ለአራት ሲካፈል ቀልድ ይመስል ነበር። ከቢቸና ስመጣ ያስጨነቀኝ ኪራይ ብቻ ስለነበር የተገላገልኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደጅ አደርኩ። ከሥራ የወጣሁት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሳንኳኳ የመለሰልኝ ውሻው ብቻ ነበር። ደባሎቼ ስልካቸውን ዘግተው ተኝተዋል። አከራያችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለማንም በር አይከፍቱም። እንደ ሌባ አጥር ተደግፌ ነጋ። በማግስቱ መድረክ ላይ ድምፄ አልወጣ አለ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ቤት ቀይሬያለሁ። ሰው ሁሉ ቤት ሲፈልግ ዋጋ ይጠይቃል። የእኛ ሥራ ሰው ግን አስቀድሞ ሰዓት መጠየቅ አለበት። በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ደባሉ ስንት ሰዓት ተኝቶ ስንት ሰዓት ይነሳል? ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ከዚች ጥያቄ የሚነሳ ነው።

ከአገር ቤት ከመነሳታችሁ በፊት

ከቀበሌያችሁ መሸኛ አውጡ። ብዙ ሰው ይህን ንቆ ይመጣና በኋላ መታወቂያ ለመቀየር ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ድረስ ይመላለሳል። የትራንስፖርቱ ወጪ የአንድ ወር ኪራይ ይበላል። የፋይዳ ምዝገባችሁንም ጨርሳችሁ ኑ። አከራይ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ባንክ ይጠይቃል፣ መንገድ ላይ ያለ ፍተሻም ይጠይቃል።

ባሕር ዳር ውስጥ ዋስ የሚሆን ዘመድ ካለ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉለት። “አርቲስት ነኝ” የሚል ላጤ ያለ ዋስ ቤት ማግኘቱ ከባድ ነው። “አዝማሪ አላከራይም” የሚሉ አከራዮች ዛሬም አሉ። ያናድዳል፣ ግን አሉ።

የምትመጡበት ወርም ወሳኝ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አትምጡ። ክረምትም አትምጡ፤ ሁለቱም ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ጊዜያት ናቸው። ጥቅምት ጥሩ ነው። ከተማውን ለምዳችሁ፣ ከባንድና ከባህል ቤት ሰዎች ጋር ተዋውቃችሁ ጥር ይደርሳል። ጥር የሠርግ ወር ነው። አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ያኔ ነው፤ ነባሮቹ ሁሉንም ሠርግ ስለማይችሉት።

እቃ አታብዙ። ፍራሽ እዚህ ይገዛል። ከቤት የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ጋቢ፣ አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ። በድርቆሽ የሚስቅ ደባል ይኖራል። ሁለት ሳምንት ጠብቁት፣ ራሱ ሰሐን ይዞ ይመጣል።

ለምን ባሕር ዳር? ለምን ሸገር አይሆንም?

አዲስ አበባ መሄድ ክፉ አይደለም። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ከጎጃም ወጥታ ዓለም ደርሳለች። ነገር ግን መጀመሪያ የምትሳሳቱበት ቦታ ኪራዩ ቀለል ያለ፣ ቤተሰብ ስንቅ የሚልክበት ቢሆን ይሻላል። ባሕር ዳር ላይ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ቴአትርም፣ ሙዚቃም፣ ውዝዋዜም አለው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም (አሚኮ) ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። የሁለቱም የማስታወቂያ ሰሌዳ በእግር የሚደረስ ነው። በወር ሁለቴ እየሄዳችሁ አንብቡ። ቴሌግራም ላይ የማይወጣ ማስታወቂያ እዚያ ተለጥፎ አይቻለሁ።

ደብረ ማርቆስ መጀመርም ይቻላል። ከተማው ከባሕር ዳር ያነሰ ስለሆነ ሰው ቶሎ ያውቃችኋል። ብርዱ ግን ብርድ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። እዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ እዚህ አጎበር ያስፈልጋል። አጎበሩን እንደ ቅንጦት አትዩት። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በሐይቁ ዙሪያ ወባ ይበረታል። አንድ ደባል በወባ ከወደቀ ማስታመሙ የሁላችሁም ነው።

ሰፈር

ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ለተማሪ የሚከራይ ክፍል ብዙ ነው። ሁካታ የለመደ ሰፈር ስለሆነ ክራር ብትነኩ ማንም አይደነቅም። ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ግን ሽሚያው አይጣል ነው። ከመሃል ራቅ ባላችሁ ቁጥር ኪራዩ ይቀንሳል፣ የሌሊት ባጃጁ ይጨምራል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቤቱ በወር 500 ብር ቢረክስና በሳምንት አራት ሌሊት ለኮንትራት ባጃጅ 100 ብር ቢጨምርባችሁ በወር 1,600 ብር ከፈላችሁ ማለት ነው። የረከሰው ቤት 1,100 ብር ተወደደ።

ስለዚህ ከሥራ ቦታችሁ በእግር የሚደረስ ቤት ፈልጉ። ካልሆነም በዚያው ሰዓት ከሚወጣ ሰው ጋር ባጃጅ የምትጋሩበት መስመር ላይ ይሁን። አባይ ማዶም አማራጭ ነው። እኔ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። አያቴ ድሮ “ድልድዩን ከተሻገርክ እኮ በጌምድር ነህ” እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የጎጃም ዘፋኝ በጌምድር እያደረ ጎጃም ይሠራል ማለት ነው።

ደባል መምረጥ

ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ቢኖር ጥሩ ይመስላል። ሁልጊዜ አይደለም። ሦስት ዘፋኝ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሦስቱም አንድ ሥራ ይፈልጋሉ። አንዱ ሲጠራ ሁለቱ ያኮርፋሉ። እኔ የምመክረው ቅይጥ ነው፦ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ መሣሪያ ተጫዋች፣ አንድ ከጥበብ ውጭ የሆነ የወር ደሞዝተኛ። ደሞዝተኛው እኛ ሥራ የምናጣበት ባዶ ወር ሲመጣ ቤቱን ያቆመዋል። በምላሹ እናንተ ቀን ቤት ስለምትውሉ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ቤት ትጠብቃላችሁ፣ ምግብ ታበስላላችሁ።

ግን ሰዓታችሁ መግጠም አለበት። ንጋት 12 ሰዓት የሚነሳ የቀን ሠራተኛና ሌሊት 9 ሰዓት የሚገባ ዘፋኝ አንድ ክፍል ከያዙ ሁለቱም አይተኙም። እኛ ያን ግንባታ ላይ የሚሠራ ደባላችንን በአምስት ወር ውስጥ አቃጠልነው። እንቅልፍ አጥቶ ከሥራው ቀረ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። በኋላ ግን መፍትሔ አገኘንለት፦ ሁለት ክፍል ያለው ቤት። ሌሊት ገቢዎች በአንዱ፣ ማለዳ ወጪዎች በሌላው። ኪራዩ ትንሽ ጨመረ፣ ጠቡ ጠፋ።

አዲስ ደባል ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁት። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ትጠጣለህ ወይ፣ ስትጠጣስ ምን ትሆናለህ? ገንዘብ ስታጣ ከማን ትበደራለህ? እንግዳ ታሳድራለህ? ሦስተኛው ጥያቄ ያሳፍራል፣ ግን አትዝለሉት። “ከማንም” የሚል ሰው ከእናንተ ነው የሚበደረው።

ቤቱን ስታዩ

ሁለቴ እዩት። አንዴ ቀን፣ አንዴ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ። ቀን ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ጣራውን ታያላችሁ። ማታ ደግሞ መብራቱን፣ ጎረቤቱን፣ በሩን። ግድግዳውን በእጃችሁ አንኳኩ። ከጎረቤት የሚለያችሁ ኮምፖልሳቶ ብቻ ከሆነ ልምምድ የሚባል ነገር እርሱት።

ቆጣሪው የብቻችሁ ነው ወይስ ከአከራዩ ጋር የጋራ? የጋራ ከሆነ በወር ስንት እንደምትከፍሉ አሁኑኑ ይቆረጥ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ማን እንደሚሞላ ተነጋገሩ። ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ጀሪካን የሚቀመጥበት ቦታ አለ?

ከዚያ በሩ። ለአከራዩ እውነቱን ንገሩ። “እትዬ፣ እኔ የምሽት ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት አራት ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እገባለሁ። የበር ቁልፍ ይሰጡኛል ወይ?” በሉ። “ተማሪ ነኝ” ብላችሁ ገብታችሁ በሳምንቱ ብትታወቁ ያኔ ሁለት ስም ይወጣላችኋል፦ አዝማሪም ውሸታምም። እኔ እውነቱን ተናግሬ ሦስት ቤት ተከልክያለሁ። አራተኛዋ እናት ግን ቁልፉን ሰጡኝ። “ውሻውን በስሙ ጥራው እንጂ አትፍራው” አሉኝ። ውሻው ቡቺ ነው ስሙ። ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ቁልፍ ካልሰጡ ቤቱ በነጻ ቢሆንም አትግቡ።

ደላላ ከያዛችሁ ክፍያውን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቀብድ የሚባለውንም ለአከራዩ ራሱ እንጂ ለደላላ አትስጡ።

ውል

በቃል አትግቡ። ለቤት ኪራይ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በምትኖሩበት ከተማ እንዴት እንደሚሠራበት የሚመለከተውን የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሲገጥማችሁ ቢያንስ ምን እያላችሁ እንደምትከራከሩ ታውቃላችሁ።

ውሉ ላይ የሁሉም ደባል ስም ይግባ። የአንድ ሰው ስም ብቻ ከገባ ያ ሰው ሲለቅ ሌሎቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ኪራይ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ መልእክቱን አትሰርዙ። ከውሉ ሌላ ደግሞ የእናንተ የደባሎች ወረቀት ይኑር። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ማን ስንት ይከፍላል፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን፣ የሚለቅ ሰው ስንት ቀን አስቀድሞ ይናገራል፣ ምጣዱ የማን ነው። አትሳቁ። እኛ በምጣድ ነው የተጣላነው።

የጾም ሣጥን

ይህን ክፍል አንብቡና ሌላውን ብትረሱም ግድ የለኝም።

ኪራይ በየወሩ ይመጣል። የእኛ ገቢ ግን በወር አይመጣም፣ በበዓል ነው የሚመጣው። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ነው። ከአዴት፣ ከመራዊ፣ ከዳንግላ ይደወላል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። 55 ቀን። ሠርግ የለም፣ ባህል ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዱ ጭራሹን ይዘጋል። ፋሲካ ሲሆን እንደገና ሠርግ ይመጣል፣ ሚያዝያና ግንቦት ይሞቃሉ። ከዚያ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ። መስከረም እንደገና ነፍስ ይዘራል።

ጀማሪ ጥር ላይ ያገኘውን ገንዘብ አይቶ ሀብታም ሆንኩ ይላል። ስልክ ይቀይራል። መጋቢት ላይ ያንኑ ስልክ ይሸጠዋል። አይቻለሁ። ሽጫለሁም።

ስለዚህ ሣጥን አዘጋጁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ኪራዩ 4,000 ብር ቢሆን ለአራት ሰው 1,000 ይደርሳችኋል። መብራትና ውሃ 200 ጨምሩ። 1,200 ሆነ። ሁዳዴ ሁለት ወር ያህል ስለሆነ 2,400 ያስፈልጋችኋል። ጥር ላይ አራት ሠርግ ብትሠሩ ከእያንዳንዱ ሠርግ 600 ብር ወደ ሣጥኑ ይገባል ማለት ነው። ሌሊቱን፣ ከሠርጉ እንደመጣችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት። ሲነጋ ያ ገንዘብ የለም። ለክረምቱም ግንቦት ላይ እንዲሁ አድርጉ።

ሣጥኑ በደሞዝተኛው ደባል ስም የባንክ ሒሳብ ቢሆን ይመረጣል። ሁላችንም ዕቁብ እናውቃለን። ይህ ዕጣ የሌለው ዕቁብ ነው በሉት። ለሠርግና ለስልክ የሚሆን ዕቁብ ከፈለጋችሁ ሌላ ግቡ፣ ከቤቱ ገንዘብ ጋር አታደባልቁት።

ከጾም ሌላ ሥራ የሚያቆም ነገርም አለ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የምሽት ሥራ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚቆም አይተናል። ሰዓት እላፊ ሲኖር ባህል ቤት የለም፣ ባጃጅ የለም። እንዲህ ላለ ጊዜ ቀን የሚሠራ ሁለተኛ ሙያ ያዙ። ፀጉር መቁረጥ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ልጅ ማስጠናት፣ ምንም ይሁን።

ምግብ

ተረኛ በቀን ሳይሆን በሳምንት ይሁን። በቀን ሲሆን “ትናንት እኔ ነበርኩ” የሚል ክርክር አያልቅም። ሽሮ፣ ድርቆሽ ፍርፍር፣ ጎመን። ከሐይቁ ዓሣ ሲወጣ ማለዳ ሄዳችሁ ብትገዙ ከሱቅ ይረክሳል። ቀረሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ቤት ውስጥ አታንሱ። እኛ ቤት አንድ ሁዳዴ ሙሉ ተኮራርፈንበታል።

ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ። መስኮት ተዘግቶ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በተለይ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ ብርዱ ያታልላችኋል። ቡና አፍልታችሁ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ።

ልምምድና እንቅልፍ

የቆሎ ተማሪን አስቡ። ጎንጅና ዋሸራ የቅኔ ተማሪ በትንሽ ጎጆ ተጠጋግቶ ነው የሚያድረው። ቅኔውን የሚቆጥረው ግን ጎጆው ውስጥ አይደለም። ቀን ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነው። ጎጆው ለመኝታ ነው። ይህ ሥርዓት ለእኛም ይሠራል። ቤቱን ለእንቅልፍ ተዉት፣ ልምምዱን ወደ ውጭ አውጡ። ንጋት ላይ የሐይቁ ዳር ሰው የለበትም። ድምፅ ለመክፈት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቤት ውስጥ የግድ ከሆነ ማሲንቆው ላይ ከጭራው ሥር፣ ከድልድዩ አጠገብ የታጠፈ ጨርቅ ሸጉጡ። ድምፁ ይታፈናል፣ ጣታችሁ ግን ይለማመዳል። ኪቦርድ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ዘፋኝ ጋቢ ተከናንቦ ይለማመድ። ያስቃል፣ ይሠራል። የማሲንቆ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይላላል። ከግድግዳ አርቃችሁ ስቀሉት፣ ወደ እሳትም አታስጠጉት።

ሌሊት የገባ ሰው እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት አይቀሰቀስም። ይህን የደባሎች ወረቀት ላይ ጻፉት። ድምፅ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው። “አረቄ ድምፅ ያሟሻል” የሚላችሁን ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። ጉሮሮ ያደርቃል እንጂ አያሟሽም።

ሴት ከሆናችሁ

ይህን የጻፍኩት አብረውኝ የሠሩ እህቶች ከነገሩኝ ነው። ሴት ዘፋኝና ተወዛዋዥ ቤት ስትፈልግ ጥያቄው ይበዛል። ስሟም ቶሎ ይነሳል። ሴቶች ሆናችሁ ለብቻ መከራየቱ ይመረጣል። አከራይዋ ግቢው ውስጥ የምትኖር ሴት ብትሆን የተሻለ ነው። ከሥራ ስትወጡ በምታውቁት የባጃጅ ሹፌር ሂዱ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው። ታርጋውን ለደባላችሁ ላኩ። ባህል ቤቱ ሲቀጥራችሁ “ወደ ቤት ማን ያደርሰኛል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ቀጣሪ ሌላም ነገር ላይ መልስ የለውም። ሽልማት በእጅ ተቀበሉ። ከእንግዳ ጋር ካልተቀመጣችሁ የሚል ቤት ከሆነ በዚያው ሳምንት ውጡ።

ግጥሙ የማን ነው?

አንድ ክፍል ውስጥ ስትኖሩ ዜማ ከማን እንደወጣ አይታወቅም። አንዱ ያንጎራጉራል፣ ሌላው ስንኝ ይጨምራል። ዘፈኑ እስኪወደድ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ ጉድ ይፈላል። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ሥራው የራሳችሁ ወጥ ፈጠራ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ሳይመዘገብም ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ያንኑ ሌሊት በስልክ ቅዱት። ቀኑን ተናገሩ፣ ማን ምን እንዳዋጣ ተናገሩ። ከዚያ በቴሌግራም ለሁላችሁም ላኩት።

ስትለቁ

ሥራ ሲሰምር ወይም ሸገር ሲጠራችሁ በአንድ ሌሊት አትጥፉ። ወር ቀድማችሁ ተናገሩ። በቦታችሁ የሚገባ ሰው ራሳችሁ ፈልጉ፣ አራቱን ጥያቄ ጠይቁት። ከሣጥኑ ድርሻችሁን ውሰዱ፣ የመብራቱን ዕዳ ግን ቁረጡ።

እኔ ስለቅ በቦታዬ የገባው ከፍኖተ ሰላም የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋሽንት ነፊ ነበር። ቁልፉን ሰጠሁት። ከዚያ ወደ በሩ ይዤው ሄጄ ቡቺን አስተዋወቅሁት።